ባዘዘው የነገረኝ ኪሎ ሜትር

ባለፈው ኅዳር የመጨረሻ ልጄ መኪና ገዛች። መንዳት ገና በመማር ላይ ናትና መድን ስትገባ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የመድን መሥሪያ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ነበር። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት የመኪናውን ዓይነት ጠየቃት፤ ለማጅ መሆኗንም መዘገበ። ከዚያ «በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳል ብለው ይገምታሉ?» አላት። ልጄ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ትንሽ አሰበችና «ስድስት ሺህ» አለች። ጻፈው። መኪናዋ ደጅ ቆማለች፤ ወጥቶ አላያትም።

እኔ ልጄን በጎን አየኋት። እህቷ አዳማ ናት፤ ሳምንት አያልፍም ሳታያት። ጓደኞቿም የከተማው ዳር ዳር ላይ ተበትነው ነው የሚኖሩት። ስድስት ሺህ ከየት አመጣችው? ስንወጣ «ምነው ዝም አልክ አባዬ?» አለችኝ። «ቁጥሩን እያሰብኩ ነው» አልኳት። ሳቀች። ልጆቼ «አባታችን ኢንሹራንስ ይሠራ ነበር» ከማለት አልፈው ሥራዬ ምን እንደነበረ አያውቁም። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

የእኔ ሥራ መጠርጠር ነበር። ብዙ የሚሄድ መኪና ብዙ አደጋ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ክፍያው ይጨምራል። ይህን ስለሚያውቅ ሰው ሁሉ ኪሎ ሜትሩን ቀንሶ ይናገራል። እኔ መኪናውንም ሰውየውንም አይቼ የተባለውን ቁጥር አጸድቃለሁ ወይም እለውጣለሁ።

ሥራውን የጀመርኩት በሃምሳዎቹ አጋማሽ ጎንደር ነው፤ በአንድ የግል መድን ድርጅት ቅርንጫፍ። ቅርንጫፉ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። ደመወዙ ላላገባ ሰው አያንስም፤ ወረቀቱ ግን ማለቂያ አልነበረውም። ያስተማሩኝ ጋሽ ፈለቀ ናቸው። በጣሊያን ጊዜ የመኪና ጥገና ለምደው፣ ኋላ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ወደ ግምት ሥራ የገቡ ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ ካፖርት ይለብሳሉ፤ በካፖርቱ ኪስ ውስጥ አንዲት አጭር ጩቤ አትጠፋም።

ጋሽ ፈለቀ ባለመኪናውን ስለ ኪሎ ሜትር አስቀድመው አይጠይቁም። እናቱ የት እንደሚኖሩ፣ ሚስቱን ከየት አገር እንዳገባ፣ የየትኛው ደብር ሰው እንደሆነ ይጠይቁታል። ሰውየው እንደ ወግ ቆጥሮት ሲዘረዝር እሳቸው መንገዱን በልባቸው ይሰፍራሉ። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብተው የሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው መሪውን ይይዛሉ፤ እግራቸውን ፔዳሎቹ ላይ ያሳርፋሉ። የነዳጅ መስጫው ለስልሶ፣ ማርሽ ሲለወጥ የሚረገጠው የፍሪሲዮኑ ላስቲክ ደህና ከሆነ መኪናው ረጅም መንገድ ይሄዳል። የፍሪሲዮኑ ላስቲክ አልቆ ከሥር የተቃጠለ ነገር ከሸተተ የሚነዳው ለማጅ ነው። ቀጥለው ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጀርባ ያለችውን ቡሎን በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ መፍቻ የነካው ብረት ጠርዙ ይሻክራል።

በመጨረሻ ጩቤዋን አውጥተው ከፓራፋንጎው፣ ከጎማው መከለያ፣ ሥር ጭቃ ይፈቀፍቃሉ። የፎገራ ሜዳ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ቀይ ይሆናል። አንድ የአዲስ ዘመን ነጋዴ «መኪናዬ ከቤቴና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ መንገድ አያውቅም» አላቸው። ጋሽ ፈለቀ ጥቁርና ቀይ የተነባበረበትን የጭቃ ቅርፊት ፈንቅለው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። «ደብርዎ ሩቅ ነው» አሉት። ነጋዴው ራሱ ቁጥሩን አሻሻለ።

ሁለት ነገር ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። አንደኛው ከሚገመትለት ሰው ቤት እህል ውሃ አለመቅመስ ነው። «ከበላሁ እጄ ይላላል» ይላሉ። ማዕድ ሲቀርብላቸው ጾመኛ ነኝ ብለው ያልፋሉ። ሁለተኛው ስለ ለማጅ ነው። «የለማጅ ዓመት መሃሉ ላይ ይሰበራል። መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ሜዳ ለሜዳ ይዞራል። ካወጣ በኋላ ያለው ዘመድ ሁሉ ይታመምና ሲጠይቅ ይከርማል። ሁለቱን ግማሽ ለየብቻ ገምት» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ሾፌር ላይ ስጮህ ሰምተው «ሰውየውን ተወው፤ ቁጥሩን ጠርጥር» አሉኝ። ይህችን እሺ አልኩ እንጂ አልያዝኳትም።

ጉልበታቸው መንገድ እምቢ ሲል ከአዲስ ዘመን እስከ ባሕር ዳር ያለው መስመር ለእኔ ተሰጠ። ብቻዬን መሥራት ከጀመርኩ ገና ዓመት ሳይሞላኝ፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ከወረታ አንድ ጥያቄ መጣ። ባለመኪናው ባዘዘው ይባላል፤ ሥራው ብረት ቀጥቃጭነት ነው። መኪናዋ ከኋላ ክፍት የጭነት ሳጥን ያላት አሮጌ ባለካሶኒ ናት፤ የሚነዳት ራሱ ነው፤ ለማጅ ነው። በዓመት እነዳለሁ ያለው አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር።

ቁጥሩን ደግሜ አነበብኩት። ለማጅ ቀርቶ የጎንደር ነጋዴዎች እንኳ ይህን ያህል አፋቸውን ሞልተው አይናገሩም። አስበልጦ የተናገረ ሰው እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም ነበር። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ዘውዱ ወረቀቱን አይተው «ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር አስቧል። ገደል ከቶ ሊያስከፍለን ይሆናል። ሂድና እየው» አሉኝ። እኔም በልቤ ያሰብኩት እሱኑ ነበር። ወይ ሊያቃጥላት ነው፣ ወይ የማይነገር ዕቃ ሊያመላልስባት ነው።

ወረታ ከአውቶቡስ ወርጄ መገንጠያው ላይ ካለ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ አቶ ሙጨ የሚባሉ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የሚከናነቡ ሰው ነበሩ። የባዘዘውን ቤት ጠየቅኳቸው።

«ጠይቡን?» አሉ።

አገሩ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ጠይብ ይላቸዋል። ማረሻውንና ማሰሮውን ከእነሱ ይገዛል፤ ግን ዓይናቸው ይበላል ብሎ ይፈራቸዋል፤ ቡዳ ናቸው ይላል፤ ማዕድ አብሯቸው አይቆርስም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እኔም የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ።

«መኪናውን ልታይ ነው የመጣኸው?» አሉኝ አቶ ሙጨ። «መጀመሪያ ገንዘቡን ከየት አመጣህ ብለህ ጠይቀው። ጠዋት ባዶውን ይወጣል፤ ሲመሽ ባዶውን ይገባል። ምን እንደሚያመላልስ እግዜር ይወቅ። ያለ ሾፌር ስትሄድ አየናት የሚሉም አሉ።»

«እርስዎ አይተዋል?»

«እኔማ ሲመሽ ደጄን እዘጋለሁ።»

የባዘዘው ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሜዳው የሚጀምርበት ላይ ነበር። ደጁ ላይ ወናፍና ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ ተቀምጧል፤ በጥላው ሥር ገና ያልተተኮሱ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። ባዘዘው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ባሕር ዳር ድልድይና ፋብሪካ ሲሠራ ብየዳ ተምሮ ብዙ ዓመት ሠርቷል። የመኪናዋ ገንዘብ ከዚያ የተጠራቀመ ነው። ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ፤ እንደምጠይቀው ገብቶታል።

ሚስቱ ወይዘሮ የሻረግ ጠላ በዋንጫ፣ ዳቦም በሰፌድ ይዛ መጣች። እኔ ጋሽ ፈለቀ የሚሉትን አልኩ።

«ይቅርታ፣ ጾመኛ ነኝ።»

«በበዓለ ሃምሳ?» አለች።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ማንም ክርስቲያን እንደማይጾም ረስቼው ነበር። «ስእለት አለብኝ» ብዬ አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። ወይዘሮ የሻረግ ዋንጫውንና ሰፌዱን ይዛ ተመልሳ ገባች። ባዘዘው መስፉ ላይ ያለውን ማጭድ አንሥቶ ስለቱን ማየት ጀመረ። ምን እንዳሰቡ ገባኝ። ግን የሥራ ደንብ ነው ብዬ ላስረዳቸው ብጀምር የባሰ ሐሰት መሰለኝና ወደ መኪናዋ ሄድኩ።

መኪናዋን አየሁ። የፍሪሲዮኑ ላስቲክ አልቋል፤ የተቃጠለው ሽታም አለ። የጎማዎቹ ጥርስ ግን ሙሉ ነው። ከፓራፋንጎው ሥር ያለው ጭቃ ጥቁር ብቻ ነው። የቆጣሪዋን ቡሎን መፍቻ አልነካትም። ካሶኒው ላይ ለተሳፋሪ ብሎ ሁለት አግዳሚ ወንበር ሠርቷል፤ እንጨቱ ከመላጊያው እንደወጣ ሻካራ ነው። ሰው ቢቀመጥበት ኖሮ ይለሰልስ ነበር።

«እናትዎ የት ናቸው አያ ባዘዘው?» አልኩት።

«ሞታለች።»

«ወንድም፣ እህት?»

«ሁሉም እዚሁ ናቸው፤ ያ ጎጆ፣ ያ ጎጆ።»

«የየትኛው ደብር ነዎት?»

«ከዚህ በእግር ነው የምሄደው። ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ተሳልሜ እመለሳለሁ።»

በልቤ የምሰፍረው መንገድ አጣሁ። «ታዲያ አሥራ ሁለት ሺህ ከየት መጣ?» አልኩት።

«ገበያተኛ ልጭን ነው። ወረታ፣ አንበሳሜ፣ ደብረ ታቦር፣ አዲስ ዘመን። በየገበያው ቀን።»

«እስካሁን ማንን ጫኑ?»

የካሶኒውን መዝጊያ አንሥቶ ቆለፈ።

በማግስቱ የአንበሳሜ ገበያ ነበር። ለማጅ ያለ ባለፈቃድ መንዳት አይችልም፤ አብሮት የሚቀመጠው ጡረተኛ ሾፌር ወባ ይዞት ተኝቷል። እኔ መንጃ ፈቃድ ስለነበረኝ ከጎኑ ተቀምጬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ምን እንደሚያደርግ ለመሰለል ነው። ባዘዘው እንደማንኛውም ለማጅ ማርሹን እያንጓጓ፣ በየዳገቱ ሞተር እያጠፋ ነዳ። መንገድ ዳር ገበያተኞች እጃቸውን ሲዘረጉ ይቆማል። ቀርበው መሪውን የያዘውን ሰው ሲያዩ እጃቸውን ይሰበስባሉ። አንዱ «አይ፣ ለካ የምንጠብቀው ሰው አለ» አለ። አንዲት ሴት የታዘለ ልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ባዘዘው ሁሉንም ደህና ዋሉ ይላል፤ ትንሽ ይጠብቃል፤ ሞተሩን እንደገና ያስነሣል። ቀጣዮቹ እጃቸውን ሲዘረጉ እንደገና ይቆማል።

«ለምን ይቆማሉ?» አልኩት።

«እጃቸውን ዘረጉ እኮ።»

አንበሳሜ ደርሰን ባዶ ተመለስን። ጥርጣሬዬ ግን አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። ማንም የማይሳፈርበት መኪና አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳው ለምንድነው? ደጁ ላይ ሞተሩን ሲያጠፋ ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«አያ ባዘዘው፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህችን መኪና ምን ሊያደርጓት ነው?»

መሪውን ሳይለቅ ወደ ሜዳው ዞረ። «ጌታዬ፣ ስንት ልበል?» አለ። «ማንም አይሳፈርልኝምና ሦስት ሺህ ጻፉልኝ ልበል? በራሴ አፍ ልናገረው? መንጃ ፈቃዱን ሳወጣ፣ ሰውም ሲለምደኝ፣ አሥራ ሁለቱ ይሞላል።»

አላመንኩትም። ሊሆን አይችልም ብዬ ሳይሆን፣ ሰው ተስፋ አድርጎ ብቻ ብዙ ልክፈል ይላል ብዬ ማሰብ ስላልቻልኩ ነው። አራት ሺህ ብዬ ጻፍኩ። ክፍያው ስለቀነሰ ደግሞ ውለታ የዋልኩለት መሰለኝ። ጋሽ ፈለቀ ግምቱን አይተው «ለማጅ ነው አላልክም? ሁለተኛው ግማሽ የታለ?» አሉኝ።

«የሚሳፈርለት ሰው የለም» አልኳቸው።

«ዛሬ ነው የሌለው» አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ። እንደዚያው አለፈ።

ባዘዘው በሰኔ መንጃ ፈቃዱን አወጣ። በሐምሌ የጉማራ ወንዝ ከአፉ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው፤ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውም መንገድ ከወንዙ መለስ ብሎ ተቆረጠ። አውቶቡስና ከባድ መኪና ወረታ ላይ ቆሞ ቀረ። ከሜዳው ከፍ ብሎ የቀረውን የመንገድ አፈር ክምር ሳያፈርስ ሊሄድበት የሚችል ቀላል መኪና የባዘዘው ብቻ ነበር። ከወረታ እስከ ተቆረጠው ድረስ በእሱ፣ ከዚያ ወዲያ በታንኳ መሻገር ነው። ሦስት ቀን ያህል ሰው በጭቃ እየተመላለሰ ተቸገረ እንጂ አልተሳፈረም። በኋላ መምሬ እንየው የሚባሉ የወረታ ቄስ ወንድማቸው ከወንዙ ማዶ ሞተው ለቀብር መድረስ ነበረባቸው። ዣንጥላቸውን አጥፈው ከፊት ወንበር ገብተው ተቀመጡ። «ምን ትጠብቃለህ ባዘዘው፣ ንዳ እንጂ» አሉት። ቆመው ያዩ ሰዎች ተንጠላጠሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ባዶ ሆና አታውቅም።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። እኔ ያን ክረምት ጭልጋ በኩል ነበርኩ። መስከረም ሲጠባ ቢሮ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ የጠበቀኝ የአደጋ ወሬ ነበር። የባዘዘው መኪና ከመንገዱ ክምር ተንሸራታ ውሃው ውስጥ ተገልብጣለች። የሞተ የለም። ዳግም ተሳፍረው ከፊት የተቀመጡት መምሬ እንየው ግን እግራቸው ተሰብሯል።

ወረታ ወረድኩ። መኪናዋን በበሬ ስበው አውጥተዋታል። ካሶኒው ላይ ወጥቼ አግዳሚውን በእጄ ዳሰስኩት፤ እንደ ቅቤ ለስልሷል። ቆጣሪዋ ከጻፍኩት አራት ሺህ አልፋ ሄዳለች። የባዘዘው ወናፍ ቆሟል። ወይዘሮ የሻረግ ደጅ ላይ ተቀምጣለች፤ ግባም ውጣም አላለችኝም። የመምሬ የወንድም ልጆች ጠመንጃ አንግተው ከተማ ውስጥ ይዘዋወራሉ። አቶ ሙጨ ከሱቃቸው ወጥተው «ነግሬህ አልነበረም? ቄሱን በላቸው» አሉኝ። ነገሩን ሽማግሌዎች ይዘውታል፤ የመምሬ ማሳከሚያ ካልተገኘ የባዘዘው ቤተሰብ አገር ለቆ እንዲወጣ የሚጠይቁ ነበሩ።

ጎንደር ተመልሼ ለአቶ ዘውዱ አስረዳሁ። እሳቸው ግን ጨርሰው ወስነዋል። «ከተገመተለት በላይ ነድቷል። ሰውዬው አጭበርብሯል፤ ውሉም ፈርሷል» አሉ።

«አሥራ ሁለት ሺህ እነዳለሁ ያለው እሱ ነው» አልኩ። «አራት ሺህ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ዘውዱ መነጽራቸውን አወለቁ። የሚያዩኝ እኔ ባለመኪናዎችን በማይበት ዓይን ነበር።

«ምን አበላህ?» አሉኝ።

«ውሃውን እንኳ አልቀመስኩም።»

«ታዲያ ለምን ትሟገትለታለህ?»

እውነቱን እየተናገርኩ የዋሸሁ ያህል ፊቴ ጋለ። ሰው እኔ ፊት ሲቆም ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አወቅኩ። ጋሽ ፈለቀ ከጥግ ሆነው ሲሰሙ ነበር። «ለማጅ መሆኑን እያወቅን የፈረምነው እኛ ነን» አሉ። «እኔም ግምቱን አይቼ ዝም አልኩ። ቢያንስ ምክንያቱን እንወቅ። ብረት ተሰብሮ ከሆነ የተጎዳውን ሰው እናሳክም፤ የመኪናውን ጉዳይ ይተዉት።» አቶ ዘውዱ ብዙ ካንገራገሩ በኋላ ጋሽ ፈለቀ ራሳቸው ሄደው እንዲያዩ ፈቀዱ። እኔን ግን አላመኑኝም። የሄድኩት የጋሽ ፈለቀን ዕቃ እንድይዝ ነው።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለ ዋርካ ሥር ነው። መምሬ እንየውን በቃሬዛ አምጥተዋቸው ነበር፤ እግራቸው በቀርከሃ ታስሯል። ባዘዘው ራቅ ብሎ ቆሟል። ጋሽ ፈለቀ ካፖርታቸውን እንደለበሱ መኪናዋ ሥር በጀርባቸው ገቡ። ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ ፈትተው ይዘው ወጡ። ለሁለት ተሰብሯል። ስብራቱን በካፖርታቸው እጅጌ ጠርገው ለሸንጎው ዳኛ፣ ለአንድ ነጭ ጢም ሽማግሌ፣ አቀበሉ።

«ጌታዬ፣ ዳሩን ይዩት፤ ዝጎ ጠቁሯል» አሉ። «መሃሉ ግን ያበራል። ጥቁሩ የቆየ ስንጥቅ ነው፤ ዝገት በአንድ ክረምት እንዲህ አይጠልቅም። ይህ ሰው መኪናውን ሳይገዛ በፊት የጀመረ ነው። የሚያበራው የዚያን ቀን የተሰበረው ነው።»

ሽማግሌው አገላብጠው አዩት፤ ጎናቸው ላለው ሰጡት፤ ብረቱ ከእጅ እጅ ዞረ። ከመምሬ የወንድም ልጆች አንዱ «የቡዳ ዓይን ድንጋይ ይሰነጥቅ የለም?» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ፈለቀ ለዚህ የሚሆን ጩቤ አልያዙም።

መምሬ እንየው ከቃሬዛው ላይ ቀና አሉ። «የተሰበርኩት እኔ ነኝ፤ ልናገር?» አሉ። «ከጎኑ ነበርኩ። መሪውን አዞረ፤ ጎማው አልዞረም። እጁን ሳይ ነበር። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበረች፤ እኔን ለማየት ጊዜም አልነበረውም። ውሃው ውስጥ ስንገባ በመስኮት ጎትቶ ያወጣኝም እሱ ነው። ሊበላኝ ፈልጎ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይተወኝ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ለብቻቸው ሲመካከሩ ቆዩ። ባዘዘው አገር እንዳይለቅ፣ ድርጅቱ መምሬን እንዲያሳክም፣ የወንድም ልጆቹም ዋስ ጠርተው ጠመንጃቸውን እንዲያወርዱ ወሰኑ። አቶ ዘውዱም ማሳከሚያውን ከፈሉ። ለመኪናዋ ግን ድርጅቱ ምንም አልሰጠም። ጋሽ ፈለቀ ከጎንደር አሮጌ ዘንግ ፈልገው ላኩለት፤ የቀረውን ባዘዘው ራሱ በየደው። እኔ ከመስመሩ ተነሣሁ። ወደ ሁመራ፣ ወደ ሰሊጥ ጫኝ መኪናዎች ተዛወርኩ። በኋላም ደሴ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ። ብዙ አለቃ አየሁ፤ ብዙ ቁጥርም ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ ግን ለማጅ ሲመጣ ሁለተኛውን ግማሽ ሳልጠይቅ ፈርሜ አላውቅም።

ወደ ሁመራ ከመሄዴ በፊት ባዘዘው ቤት ሄድኩ። ወይዘሮ የሻረግ ማሰሮ ስታለሰልስ አገኘኋት።

«እትዬ የሻረግ፣ ጠላ አለ?» አልኳት።

እጇን በጨርቅ እየጠረገች አየችኝ። «ዛሬስ ጾመኛ አይደሉም?»

«አይደለሁም። ያኔም አልነበርኩም። ከምገምትለት ሰው ቤት አለመቅመስ የሥራዬ ደንብ ነበር። በማንም ቤት እንዲሁ ነው።»

«እንደዚያ ነው የሚባለው?» አለች። ገብታ ቀዳች። እንደ አገሩ ልማድ ጥቂት በመዳፏ አድርጋ ቀድማ ቀመሰችና ዋንጫውን ሰጠችኝ። ስጠጣ ጉሮሮዬን ታይ ነበር። ያመነችኝ አይመስለኝም። የምታምንበትም ምክንያት አልሰጠኋትም፤ ግማሹ እውነት ነበር፣ ግማሹን እኔም አላውቀውም። ደገመችልኝ፤ ጠጣሁ።

ያን ጊዜ ባዘዘው ከውጭ ገብቶ መምሬ እንየው እንደጠሩት ነገራት። የእግራቸው ማሰሪያ ተፈትቷል፤ ዋንዛዬ ፍል ውሃ እንዲነከሩ ተነግሯቸዋል፤ በመኪናው ውሰደኝ ብለውታል። «ይሄዳሉ?» አለኝ። ካሶኒው ላይ ወጣሁ።

ዋንዛዬ ስንደርስ የወንዶቹ መታጠቢያ በበሽተኛና በሽማግሌ ተሞልቶ ነበር። ባዘዘው መምሬን ተሸክሞ ከመኪናው አወረዳቸው። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁ። ለቄሱ ክብር ይሁን ከባዘዘው ለመሸሽ፣ እየሰለልኩም ለማወቅ አልቻልኩም። መምሬ ጠርዙ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ወደ ውሃው ዘረጉ፤ ግን ብቻቸውን መውረድ ፈሩ።

«ባዘዘው፣ ግባና ያዘኝ» አሉ።

ባዘዘው ወደ ሰዎቹ አየ። ዘወር አላለም፤ አልተቻኮለም። ልብሱን አውልቆ ውሃው ውስጥ ወረደና መምሬን በብብታቸው ይዞ ቀስ አድርጎ አስገባቸው። አንድ ሽማግሌ ወዲያው ተነሥቶ፣ ውሃው እየተንጠባጠበበት፣ ጋቢውን ሰብስቦ ሄደ። ሌሎቹ እርስ በእርስ ተያዩ። አንዱ ትንሽ ፈቀቅ አለ፤ ለመራቅም ይመስላል፣ ቦታ ለመስጠትም ይመስላል። ግን ከውሃው አልወጡም።

እኔም ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ጫማዬን ፈታሁ።